ልጅን ከጎዳና የማንሳት ሥራ

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ የሚታዩ ልጆች ኑሯቸው አንድ ዓይነት አይደለም። ቀኑን ሙሉ ጫማ ሲጠርግ፣ ማስቲካና ሶፍት ሲያዞር ወይም ዕቃ ሲሸከም ውሎ ማታ እናቱ ቤት የሚገባ ልጅ አለ። ከእናቱ ጋር በላስቲክ ቤት የሚያድር፣ ጎዳና ላይ ተወልዶ ጎዳና ላይ ያደገም አለ። ከሁሉም የባሰው ግን ቤተሰቡ ራቅ ያለ ገጠር ቀርቶ እሱ ብቻውን በሱቅ በረንዳ ሥር ካርቶን አንጥፎ የሚያድረው ነው። ሦስቱም ችግረኞች ናቸው፤ የሚያስፈልጋቸው እርዳታ ግን ይለያያል። የመጀመሪያው እናቱ ገቢ ብታገኝ ትምህርት ቤት ይመለሳል። ሁለተኛው ከነእናቱ መጠለያ ይሻል። ሦስተኛውን ለመርዳት በቅድሚያ ከየት እንደመጣና ለምን እንደወጣ ማወቅ ግድ ይላል።

ቁጥራቸው ስንት እንደሆነ በትክክል መናገር አስቸጋሪ ነው። ለረጅም ጊዜ ሲጠቀስ የኖረው የመንግሥት ግምት በአገሪቱ 150,000 ያህል፣ ከእነዚህም 60,000 ያህሉ በአዲስ አበባ እንደሚኖሩ የሚገልጽ ሲሆን፣ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ዩኒሴፍ ደግሞ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ በብዙ እጥፍ ሊበልጥ እንደሚችል ሲያመለክት ቆይቷል። ማታ ቤቱ የሚገባውን ልጅ መቁጠርና አለመቁጠር ብቻውን ድምሩን በእጅጉ ይቀይረዋል። ልጆቹም ባሉበት አይረጉም፤ ዛሬ አውቶቡስ ተራ ያደረ ነገ ሜክሲኮ ወይም ፒያሳ ይገኛል፤ በክረምት አንዱን ሰፈር ለቆ ወደሚሞቀው ይሄዳል።

ልጅ ከቤቱ ለምን ይወጣል ሲባል አብዛኛው ሰው ቶሎ የሚሰጠው መልስ ድህነት ነው። መልሱ እውነት ነው፤ ግን ጎደሎ ነው። በአንድ ቀበሌ እኩል የተቸገሩ ብዙ ቤተሰቦች እያሉ ልጅ የሚጠፋው ከጥቂቶቹ ቤት ነው። ከልጆቹ ጋር ተቀምጠው የሚያደምጡ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች ደጋግመው የሚሰሙት በድህነቱ ላይ ስለተደረበ ሌላ ችግር ነው። እናት ወይም አባት ይሞታል፤ የእንጀራ ወላጅ ቤቱን ይረከባል። ድብደባ ይበዛል። ከብት የጠፋበት ወይም ሰብል ያስበላ እረኛ የሚጠብቀውን ቅጣት ፈርቶ እቤቱ መግባት ያቅተዋል። ገና ጡት ያላበቀለች ልጅ ሽማግሌ እንደተላከባት ትሰማለች። ኤችአይቪ ኤድስ በበረታባቸው ዓመታት ደግሞ ሁለቱንም ወላጆች በተከታታይ ቀብረው ከታናናሾቻቸው ጋር ባዶ ቤት የቀሩ ልጆች ብዙ ነበሩ።

በዚህ ላይ ከተማው ራሱ ይጠራል። ለበዓል አዲስ ጫማና ሞባይል ይዞ የመጣ የጎረቤት ልጅ ስለ ጎዳናው ብርድ አይናገርም። ደላላም አለ። ከጋሞ ደጋማ ቀበሌዎች፣ በተለይም ከጨንቻ አካባቢ፣ ልጆችን ሽመና እየተማሩ ትምህርት ቤት ይገባሉ እያሉ ለወላጆች ቃል በመግባት ወደ አዲስ አበባው ሽሮ ሜዳ የሚያመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ዛሬም ጨርሰው አልጠፉም። ልጁ ከንጋት ጀምሮ እግሩን የሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ሲሸምን ይውላል፤ የተባለው ትምህርት ቤት ሳይመጣ ዓመት ያልፋል፤ ሲመረው ጠፍቶ የሚወጣው ወደ ማያውቀው ከተማ ጎዳና ነው። ከወላይታና ከጉራጌ አካባቢዎች የሊስትሮ ሣጥን ይዘው የሚመጡት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወንድም ወይም የአገር ልጅ ስለሚቀበላቸው ሰው አላቸው። ተቀባይ ያለው ልጅና የሌለው ልጅ ዕጣቸው የሚለያየው ገና ከአውቶቡስ ሲወርዱ ነው።

ተቀባይ የሌለው ልጅ የመጀመሪያ ሌሊቱን የሚያሳልፈው ሌሎች ልጆች ባሉበት ነው። እነሱ የት እንደሚታደር፣ የትኛው ሆቴል በስንት ሰዓት ቡሌ (የተረፈ ምግብ) እንደሚያወጣ፣ ከየትኛው ዘበኛ መራቅ እንደሚገባ ያስተምሩታል። ታላላቆቹ ታናናሾቹን ይጠብቃሉ፤ ለጥበቃቸውም ከዕለት ገቢያቸው ይወስዳሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ የከፋ ነገር ያደርጉባቸዋል። ብርዱን ለመቻልና ረሃቡን ለመርሳት ማስቲሽ የሚባለውን ማጣበቂያ በሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ጨምሮ መሳብ የሚለመደው በእነዚህ የመጀመሪያ ሳምንታት ነው። በማስቲሽ ውስጥ ያለው ቶሉይን የሚባል ኬሚካል ለጊዜው ያፈዛል፤ እየዋለ ሲያድር አንጎልንና ነርቭን ይጎዳል፤ አልፎ አልፎም የልብ ምትን አዛብቶ በድንገት ይገድላል። ጠርሙሱን ይዞ የሚታየውን ልጅ አላፊ አግዳሚው ዱርዬ ብሎ ያልፈዋል። ልጁ ግን ጠርሙሱን የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ ብርድና ረሃብ ስለጸናበት ነው፤ የእርዳታ ድርጅቶችም ስለ ማስቲሽ ከማውራታቸው በፊት ምግብና የሚሞቅ ቦታ የሚያቀርቡት ይህን ስለሚያውቁ ነው።

ለተቸገረ ልጅ እጅ መዘርጋት ለአገሩ አዲስ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ ከቤተሰቡ ርቆ፣ በየደጁ እየዞረ የለመነውን በልቶ የተማረበት ዘመን ረጅም ነው፤ ማኅበረሰቡም ልጁን የሚመግበው የሱን ልጅ ሌላው እንደሚመግብለት እያሰበ ነበር። ወላጅ የሞተበትን የዘመድ ልጅ ወስዶ ማሳደግም በየሰፈሩ የነበረና ያለ ልማድ ነው። ከተማው ሲሰፋ ግን ይህ ልማድ ብቻውን አልበቃም። መንግሥት ቀጨኔ ለሴቶች፣ ኮልፌ ለወንዶች፣ ክበበ ፀሐይ ለትንንሽ ሕፃናት የሚሆኑ ማሳደጊያዎችን ያስተዳድራል። ከ1966ቱ የወሎና የትግራይ ረሃብ በኋላ ኤስኦኤስ የሕፃናት መንደር በመቀሌ ሥራ ጀመረ። ረሃብ፣ ጦርነትና በሽታ በመጡ ቁጥር ማሳደጊያዎች ተጨመሩ።

ከአገር ውስጥ ጀማሪዎች መካከል ስማቸው አስቀድሞ የሚነሳው እዳዬ እየተባሉ የሚጠሩት አበበች ጎበና ናቸው። በ1928 ዓ.ም. ሸዋ ውስጥ ሸበል አቦ በምትባል መንደር ተወለዱ። አባታቸው በጣሊያን ወረራ ሲገደሉ ገና የወር ልጅ ነበሩ። እስከ ዘጠኝ ዓመታቸው አያቶቻቸው አሳደጓቸው፤ በአሥር ዓመታቸው ያለ ፈቃዳቸው ተዳሩ። ከተዳሩበት ቤት ጠፍተው አዲስ አበባ ገቡ። ዛሬ ካለዕድሜ ጋብቻ ሸሽተው በአውቶቡስ ተራ የሚወርዱ ልጃገረዶች የሚመጡበትን መንገድ እሳቸው ራሳቸው በልጅነታቸው ሄደውበታል። ከተማ ውስጥ ፊደል ቆጥረው፣ በኋላም ቡናና እህል በሚያዘጋጅ ድርጅት የጥራት ተቆጣጣሪ ሆነው ሠሩ፤ ትዳርም ያዙ።

በ1972 ዓ.ም. ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወደ ወሎ ሲሄዱ አካባቢውን ረሃብ አጥቅቶት ነበር። እናቱ እንደሞተች ሳያውቅ ጡቷን የሚጠባ ሕፃን አዩ። በእጃቸው የነበረው አምስት ዳቦና ሁለት ሊትር ጠበል ነበር። ያንን ለተራቡት አካፍለው፣ ሕፃኑንና ሌላ ወላጅ የሌለው ልጅ ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። አንድ ዓመት ሳይሞላ በቤታቸው ያሉት ልጆች 21 ደረሱ። ባለቤታቸውና ዘመዶቻቸው ይህን አልተቀበሉትም። አበበች ትዳራቸውንና የደላ ኑሯቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ፤ ምግብ እያዘጋጁ በመሸጥም አሳደጓቸው። ከዚህ የተነሳው የአበበች ጎበና የሕፃናት ክብካቤና ልማት ማኅበር ቀስ በቀስ ትምህርት ቤትና የሙያ ማሠልጠኛ ጨመረ፤ ልጆች ከየቤታቸው እንዳይወጡም ችግረኛ እናቶችን በገቢ ማስገኛ ሥራ ማገዝ ያዘ። እዳዬ ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮቪድ-19 ሕመም አረፉ። በእጃቸው ያደጉት ልጆች በሺዎች ይቆጠራሉ።

ሌላው ቀደምት ድርጅት በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው ሆፕ ኢንተርፕራይዝ ነው። ይህ ድርጅት የአዲስ አበባ ሰው በደንብ የሚያውቀውን የምግብ ኩፖን ያስተዋወቀ ነው። መስጠት የፈለገ ሰው ጥቂት ኩፖኖች ያሉበትን ጥራዝ በአነስተኛ ዋጋ ይገዛል፤ እጁን ለዘረጋለት ልጅ ከሳንቲም ይልቅ አንድ ቅጠል ቀዶ ይሰጠዋል፤ ልጁም በቸርችል ጎዳና ወደሚገኘው መመገቢያ ሄዶ ትኩስ ምግብ ይበላበታል። ኩፖን ለማስቲሽ አይመነዘርም፤ ታላቁ ልጅ ቢቀማውም ከአንድ ሰሃን ምግብ በላይ አያገኝበትም። ከሁሉ በላይ ግን ልጁ በየቀኑ በራሱ እግር ሄዶ ስሙን ከሚያውቅ አዋቂ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ተፈጠረ። በዚያው ቦታ ስለ ትምህርት ማውራት፣ ቁስል ማየት፣ የጠፋ ልጅ ማፈላለግ ይቻላል።

ማሳደጊያዎች የብዙ ልጆችን ሕይወት አትርፈዋል። ይሁን እንጂ ድክመታቸውም በጊዜ ታየ። በግቢ ውስጥ ያደገ ልጅ 18 ዓመት ሲሞላው የሚያስገባው ዘመድ፣ የሚያስጠጋው ጎረቤት፣ ለቅሶና ሠርግ የሚጠራው ሰው የለውም። ሞግዚቶች ይለዋወጣሉ፤ ሃምሳ ልጅ ባለበት አዳራሽ ለአንዱ የሚደርሰው ፍቅር ጥቂት ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ የተባበሩት መንግሥታት በ2009 እ.ኤ.አ. የአማራጭ ክብካቤ መመሪያዎችን ሲያጸድቅ ልጅ በተቻለ መጠን በቤተሰብ ውስጥ እንዲያድግ፣ ማሳደጊያ ግን የመጨረሻ አማራጭ እንዲሆን አሳሰበ። ኢትዮጵያም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ መመሪያ አወጣች። በጥር 2010 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ አገር ጉዲፈቻ በሕግ ተከለከለ። ከዚህ በኋላ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ዋና ሥራ ልጁን ከራሱ ቤተሰብ ጋር ማገናኘት፣ ያ ካልሆነ በአገር ውስጥ አደራ የሚቀበል ቤተሰብ መፈለግ ሆነ። ከኡጋንዳ ተነስቶ በ2007 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የጀመረው ሬትራክ በዚህ መንገድ ከሚታወቁት አንዱ ነበር።

ሥራው የሚጀምረው መንገድ ላይ ነው። የመስክ ሠራተኞች ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ልጆቹ ወደሚያድሩበት ቦታ የሚሄዱት በማለዳ ወይም ማታ ነው፤ ማለዳ ላይ ልጆቹ ማስቲሽ ገና አልሳቡም፣ ለመነጋገርም ይመቻሉ። ገንዘብ አያድሉም። ገንዘብ ይዞ የመጣ ሰው ወዲያው ይከበባል፣ ከሄደ በኋላም ጠብ ይነሳል። ኳስና የቁስል መጠቅለያ ግን ይይዛሉ። ስም ይጠይቃሉ፤ በማግሥቱ መጥተው በዚያው ስም ይጠራሉ። ይህ ለሳምንታት ይቀጥላል። ብዙ ጊዜ የተከዳ ልጅ ሰውን ቶሎ አያምንም፤ ቶሎ የሚያምነውም ለደላላ ስለሚጋለጥ ሠራተኞቹ ላለመቸኮል ይጠነቀቃሉ።

ቀጣዩ ደረጃ የቀን ማዕከል ነው። ልጁ ገብቶ ገላውን ይታጠባል፣ ልብሱን ያጥባል፣ ይበላል፣ ቢፈልግ ይተኛል፤ ሌሊቱን ሙሉ አንድ ዓይኑን ገልጦ ያደረ ልጅ ማዕከል እንደገባ መጀመሪያ የሚያደርገው መተኛት ነው። የሚቆጥቡለት ማዕከላትም አሉ፤ በስሙ የተዘጋጀ ደብተር ላይ የሰጠው ብር ተጽፎ ይቀመጥለታል። ጎዳና ላይ ያደረ ብር በሌሊት ስለሚቀማ ልጆች ያገኙትን ዕለቱን አጥፍተው ያድራሉ፤ ለነገ የተቀመጠ ገንዘብ ያለው ልጅ ግን ስለ ነገ ማውራት ይጀምራል። ማዕከሉ ሕግ አለው፤ ማስቲሽ በር ላይ ይቀራል፣ መደባደብ ክልክል ነው። ሕጉን ጥሶ የሄደ ልጅ ሲመለስ በሩ እንዲከፈትለት የሚያደርጉ ድርጅቶች የተሻለ ውጤት ያገኛሉ፤ ብዙዎቹ ልጆች በአንድ ጊዜ አይቆርጡምና።

ጎዳናውን ለመተው የወሰነው ልጅ ወደ ጊዜያዊ መጠለያ ይገባል። እዚያ የሚቆየው ለጥቂት ወራት ነው። ያመለጠውን ትምህርት በአቋራጭ ይማራል፣ ሕክምና ያገኛል፣ ከአማካሪ ጋር ይነጋገራል። ቤተሰቡን የማፈላለጉ ሥራም ከዚሁ ጎን ይሄዳል። ጎዳና ላይ ብዙ ልጆች ስማቸውንም አገራቸውንም ቀይረው ነው የሚናገሩት፤ ፖሊስ እንዳይመልሳቸው ወይም ያስቀየሙት አባት እንዳያገኛቸው ይፈራሉ። ትንንሾቹ ደግሞ የወረዳቸውን ስም ጨርሰው አያውቁም። ሠራተኛው ታዲያ በዙሪያ ይጠይቃል፤ የገበያ ቀኑ መቼ ነው፣ ወንዙ ማን ይባላል፣ በጥምቀት ታቦት የሚወጣው ከየት ነው፣ መስጊዱ ከትምህርት ቤቱ ምን ያህል ይርቃል፣ ዳይሬክተሩ ማን ይባላል? ቋንቋውን፣ አነጋገሩን፣ የሚያውቃቸውን ምግቦች ያስተውላል። ከእነዚህ ቁርጥራጮች አንድ ወረዳ፣ ከወረዳው አንድ ቀበሌ ይገኛል። ለቀበሌው ወይም ለትምህርት ቤቱ ስልክ ይደወላል።

ጥሩ ድርጅት ልጁን ወዲያው አሳፍሮ አይልከውም። ሠራተኛው አስቀድሞ ቤተሰቡን ያያል፤ ልጁ የሸሸው ነገር አሁንም ቤት ውስጥ ካለ መመለሱ ለሁለተኛ ጊዜ ማባረር ይሆናል። ከወላጅ ጋር፣ ከአገር ሽማግሌ ጋር፣ ከሴቶች ጉዳይ ባለሙያ ጋር ይመክራል። ወላጆች ልጁ ሞቷል ብለው ለቅሶ የተቀመጡበት ቤትም ያጋጥማል። መገናኘቱ ደስታ ቢሆንም ከባዱ የሚጀምረው ከሳምንት በኋላ ነው። በቀን የራሱን ብር ይዞ በፈለገበት ይውል የነበረ ልጅ አሁን ውሃ ቅዳ፣ ከብት አግባ ይባላል። በአሥራ ሦስት ዓመቱ ከሰባት ዓመት ሕፃናት ጋር አንደኛ ክፍል ሲቀመጥ ያፍራል። ለእናቱ በግ ወይም የገበያ መነሻ፣ ለእሱ ደብተርና የደንብ ልብስ ሲሰጥ ደግሞ ጎረቤት ያያል፤ ጎዳና ወጥቶ መመለስ የሚያስሸልም ከመሰለ ሌሎች ልጆችም ይከተላሉ። ስለዚህ የተወሰኑ ድርጅቶች እርዳታውን ለቤተሰቡ ብቻ ከመስጠት ይልቅ ለትምህርት ቤቱ ጭምር ያካፍላሉ።

ክትትል የሚባለው ሥራ ለጋሾችን የሚስብ ፎቶግራፍ የለውም፤ በዚህም ምክንያት በጀት ሲያንስ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚደረግ ስልክ፣ ከዚያ በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ ወደ ገጠር የሚደረግ ጉዞ ልጁ ቤቱ መቆየት አለመቆየቱን የሚወስን ነው። ከመምህሩ ጋር የሚደረግ አንድ ውይይት፣ ከእንጀራ አባቱ ጋር የሚደረግ አንድ ሽምግልና ዳግም መጥፋትን ያስቀራል። ወደ ቤት መመለስ ለማይችሉት ልጆች አሳዳጊ ቤተሰብ ይፈለጋል፤ 16 እና 17 ዓመት የሞላቸው ደግሞ ሦስት አራት ሆነው ቤት ተከራይተው በድርጅቱ ክትትል ራሳቸውን እንዲችሉ ይደረጋል።

ከዚህ ሁሉ ተቃራኒ የሆነው አሠራር አፈሳ ነው። ከተማው ለበዓል ወይም ለታላቅ ስብሰባ ሲዘጋጅ ልጆችን ከጎዳና በመኪና ሰብስቦ ከከተማ ውጪ መውሰድ በተለያዩ ጊዜያት ታይቷል። ታፍሰው የተወሰዱት ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳሉ፤ ሲመለሱ ግን ወራት ፈጅቶ የተገነባው እምነት ፈርሷል፣ የመስክ ሠራተኛን ሲያዩም ይሸሻሉ። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው አጠቃላይ አስተያየት ቁጥር 21 መንግሥታት እንዲህ ያለውን አፈሳ እንዲያቆሙ ጠይቋል። ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን በ1984 ዓ.ም. የተቀበለች ሲሆን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36ም ስለ ሕፃናት መብት ይደነግጋል። በሌላ በኩል ከፖሊስ ጋር ተባብሮ መሥራት እንደሚቻል የሚያሳይ ተሞክሮ አለ። ፎረም ኦን ስትሪት ችልድረን ይባል የነበረው አገር በቀል ድርጅት በአዲስ አበባ ፖሊስ ጣቢያዎች ውስጥ የሕፃናት ጥበቃ ክፍሎች እንዲቋቋሙ አግዟል፤ ልጅ ተይዞ ሲመጣ ከአዋቂ እስረኛ ጋር ከመታጎር ይልቅ በሠለጠነ ፖሊስና በማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ እንዲታይ ነው።

የሴት ልጆች ሁኔታ ለብቻው መታየት አለበት። ጎዳና ላይ ከወንዶቹ ያነሱ የሚመስሉት ቶሎ ከዓይን ስለሚሰወሩ ነው። ከአውቶቡስ የወረደች ልጅ ሌሊቱ ሳይነጋ ደላላ ያገኛታል፤ ለቤት ሠራተኝነት ትወሰዳለች፣ ወይም ወደ ወሲብ ንግድ ትገፋለች። ከአሠሪ ቤት የወጣች፣ ያረገዘች ልጅ ወደ አገሯ ለመመለስ የምታፍረው ከወንዱ በብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ ለሴቶች የሚዘጋጁ መጠለያዎች ሕክምና፣ የሕግ ድጋፍና የሕፃን ማቆያ ሊኖራቸው ይገባል፤ እንዲህ የተሟሉት ደግሞ ጥቂቶች ናቸው። አውቶቡስ ተራ ላይ ሴት የመስክ ሠራተኛ በማለዳ መገኘቷ ብቻውን ከደላላው ቀድሞ ለመድረስ ይረዳል።

ታላላቆቹን ወጣቶች ከጎዳና የሚያወጣቸው ገቢ ነው። ፀጉር ቤት፣ ብረታ ብረት፣ እንጨት ሥራ፣ ምግብ ዝግጅት፣ የኮብልስቶን ንጣፍ የብዙዎች መነሻ ሆነዋል። ሙያው ከተያዘ በኋላ የሚያሰናክለው ብዙ ጊዜ የመታወቂያ ጉዳይ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ አብዛኞቹ የልደት ማስረጃ የላቸውም፤ ቋሚ አድራሻ የሌለው ሰው መታወቂያ፣ መታወቂያ የሌለው ሰው ደግሞ ተያዥ፣ የባንክ ደብተርና የሥራ ውል ያስቸግረዋል። ለልጁ ዋስ ሆኖ ከወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚመላለስ ሠራተኛ ለወጣቱ ከሥልጠናው የማይተናነስ ነገር ያደርግለታል።

ሥነ ጥበብም መውጫ ሆኖ ያውቃል። በ1988 ዓ.ም. እንግሊዛዊው የዳንስ ባለሙያ ሮይስተን ማልዱም ኢትዮጵያ ጀሚኒ ትረስት ከተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ጋር በመሆን ከመቶ በላይ የአዲስ አበባ ጎዳና ልጆችን አሠልጥኖ በካርሚና ቡራና ሙዚቃ ትልቅ የዳንስ ትርኢት ለመድረክ አበቃ። ከእነዚህ ውስጥ የተመረጡት ለዓመታት ሠልጥነው አዱኛ የተባለውን የዳንስ ቡድን መሠረቱ። ከቡድኑ አባላት አንዱ የሆነው ጁነይድ ጀማል ሰንዲ በ2004 እ.ኤ.አ. በሮሌክስ የጥበብ መርሐ ግብር ተመርጦ በጃፓናዊው ሳቡሮ ተሺጋዋራ ሥር ተማረ፤ በኋላም ከአዲሱ ደምሴ ጋር ዴስቲኖ የዳንስ ቡድንን አቋቋመ። እነሱም በተራቸው ሌሎች ወጣቶችንና አካል ጉዳተኞችን ማሠልጠን ያዙ።

እነዚህ ሥራዎች ገንዘብ ይጠይቃሉ። ለረጅም ጊዜ ገንዘቡ በአብዛኛው ከውጭ ይመጣ ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት አዋጅ በሕፃናት መብት ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች ከውጭ የሚያገኙት ከገቢያቸው 10 በመቶ እንዳይበልጥ ሲገድብ ብዙዎቹ ከመብት ሥራ ወጥተው በምግብና በአልባሳት ብቻ ተወሰኑ፤ ገደቡ የተነሳው በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ነው። የገደቡ ወቅት የአገር ውስጥ ድጋፍን ዋጋ አሳይቷል። በሲስተር ዘቢደር ዘውዴ የተመሠረተው ሜሪ ጆይ የተባለው ድርጅት ለልጆችና ለአረጋውያን በየወሩ ጥቂት ብር የሚከፍሉ ኢትዮጵያውያን ደጋፊዎችን አሰባስቧል። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ለአንድ ልጅ ትምህርት በመክፈል ይሳተፋሉ። ለጋሽ ከመስጠቱ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ነገር አለ፤ ድርጅቱ ሠራተኞቹንና በጎ ፈቃደኞቹን እንዴት ይመርጣል፣ ልጅ ብቻውን ከእንግዳ ጋር እንዳይቀር ምን ሕግ አለው፣ ልጅ አቤቱታ ቢኖረው ለማን ይናገራል? ኢትዮጵያ ውስጥም በእርዳታ ስም በልጆች ላይ ወሲባዊ ጥቃት ፈጽመው ፍርድ ቤት የቀረቡ የውጭ ሰዎች ነበሩ። የልጆችን ፊት እያሳዩ ገንዘብ መሰብሰብም ልጁ ካደገ በኋላ የሚከተለውን እፍረት ያልቆጠረ ልማድ ነው።

ልጁ ከመውጣቱ በፊት መድረስ ከሁሉም ይቀላል፣ ወጪውም አነስተኛ ነው። በገጠር ሴፍቲኔት፣ በ2009 ዓ.ም. የተጀመረው የከተሞች ሴፍቲኔት ደግሞ በከተማ ለደኸዩ ቤተሰቦች ገቢ ይሰጣሉ፤ የከተማው መርሐ ግብር ጎዳና ላይ ላሉ ሰዎችም የተለየ ክፍል አለው። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ተማሪዎች ይመገባሉ፣ የደንብ ልብስና ደብተርም ያገኛሉ፤ ቁርስ ፍለጋ ከትምህርት ቤት ይቀር የነበረ ልጅ አሁን ቁርሱ ያለው እዚያው ነው። ልጆች በብዛት ከሚወጡባቸው የደቡብ አካባቢዎች ደግሞ ስፒድ ስኩል የሚባለው የተፋጠነ ትምህርት ከ2003 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ እየተሰጠ ነው። ከትምህርት ገበታ የቀሩ ልጆች የአንደኛ፣ የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍልን ትምህርት በ10 ወር ጨርሰው አራተኛ ክፍል ይገባሉ፤ እናቶቻቸውም በአቅራቢያው በተቋቋመ የቁጠባ ቡድን ይታቀፋሉ፣ ልጁ መደበኛ ትምህርት ቤት ሲገባ ለደብተርና ለእስክሪብቶ የሚሆነውን ገንዘብ ከዚያው እያወጡ ይሸፍናሉ።